በሽማግሌ ፋንታ ስቴክ

ወንድ ልጅ ያለ ተመልካች አያበስልም። ካላመናችሁኝ በየጎረቤታችሁ ዙሩና እዩ። ብቻውን ሲሆን ዳቦ በሻይ በልቶ ይተኛል፤ ሰው ሲሰበሰብ ግን ሽርጥ አስሮ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አንዲት ሽንኩርት ከትፎ ጭብጨባ ይጠብቃል!

ተስፋዬም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ነገሩ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ አዋሳ ነው። እህቴን ብርቱካንን ሊያገባ ፈልጓል፤ እሷም ትወደዋለች፤ ምን ይደረግ... የመንግሥት እርሻ ባለሙያ ነው፤ የማረሻ እርፍ ጨብጦ ግን አያውቅም። እርሻን የተማረው አሜሪካን አገር ሁለት ዓመት ተቀምጦ ነው፤ ሁለቱን ዓመት ዕድሜ ልኩን ሲያወራቸው ይኖራል። ወላጆቻችን ስለሌሉ እሺታውም እንቢታውም በአክስታችን በእትዬ ወርቄ እጅ ነው። ከይርጋለም አስመጣናቸው። ሽማግሌ ስንጠብቅ ሙሽራው ብቻውን፣ ሥጋ ተሸክሞ ከች አለ!

«ሽማግሌ መላክ ኋላ ቀር ነው፤ እኔው ራሴ የደቡብ ስቴክ ሠርቼ አበላዎታለሁ» አላቸው።

«የደቡብ? የዲላ ነው?»

«የአሜሪካ ደቡብ ነው፣ እትዬ።»

«እነሱም ደቡብ አላቸው?» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ከስቴኩ ጋር የሚቀርብ «ኮላርድ» የሚባል አረንጓዴ አትክልት አለ፤ አገራችን ስለሌለ ነው እንጂ... እያለ ተቆጨ። እኔ ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ የተማርኩ ስለሆንኩ ቃል ሳላጣራ አላልፍም።

«ቅጠሉ ምን ይመስላል?»

«ሰፊ ነው፤ አገዳው ወፈር ያለ፣ አረንጓዴው ጠቆር ያለ...»

ብርቱካን ወጣ ብላ ከአጥሩ ሥር ቆርጣ አመጣችለት። ጎመን! ሰውየው ባሕር ተሻግሮ ጎመን ተምሮ መጥቷል! እሱ እቴ ምን አፍሮ፤ ቀቀለው፣ ቀቀለው፣ የወታደር ልብስ እስኪመስል ቀቀለው።

ወደ ሥጋው እንምጣ። ከፒያሳ ልኳንዳ የተገዛ፣ ጥሬውን በአዋዜ ቢቀርብ ጎረቤት የሚያጣላ ሽንጥ ነው። የእኔን ዘነዘና አነሳና ይቀጠቅጠው ጀመር። እትዬ ከሳሎን ሆነው ሰሙ።

«በሬው ታርዷል አይደል እንዴ? አሁን ደግሞ ምን አውጣ እያለ ነው የሚደበድበው?»

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ሰው ይሰማል!» አልኩ። ጊዜውን ታውቁት የለ!

ከዚያ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ ያመጣሁትን የፉርኖ ዱቄት ግድግዳ እንደሚለስን ሰው ለሰነውና ዘይት ውስጥ ጣለው። ጠበሰው ልላችሁ ነበር፤ ግን ቃሉ ያሳዝነኛል። አከሰለው። ሥጋው ከሰል ሲሆን የቀረውን ዱቄት በወተት በጥብጦ፣ ቁንዶ በርበሬ ነስንሶበት ሌላ ድስት ላይ ያማስል ገባ። «ግሬቪ ነው፤ ሥጋው ላይ ይፈሳል» አለ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ቡፍ ቡፍ የሚል... የወለዳችሁ ሁሉ፣ ምን እንደሆነ ገባችሁ አይደል?

እትዬ ወርቄ ልክ በዚያች ሰዓት ወጥ ቤት ብቅ አሉ። ድስቱን አዩ። ብርቱካንን አዩ። ቀጥሎ ሆዷን አዩ።

«አጥሚቱ ለማን ነው?»

ተስፋዬ በስቴኩ ጭስ እያሳለ ምን እንደተጠየቀ እንኳ አልሰማም። «ለብርቱካን ነው እትዬ፤ በጣም ይስማማታል ብዬ» አለ፣ ኮራ ብሎ።

«ስንት ወሯ ነው?!»

ብርቱካን ትምላለች፤ እሱ «ሶስ ነው! ሶስ!» እያለ ይጮኻል፤ ስቴኩ ይጨሳል... እትዬ ነጠላቸውን አነሱ። «ሽማግሌ ያልላከው ለካ ሥራውን ጨርሶ ነው! መኪና ሳያመልጠኝ ልሂድ።»

ጋብቻው እዚያው ላይ አለቀለት አልኩ። ብርቱካን ግን በሩ ላይ ቆማ አንድ ማንኪያ ሙሉ ዘረጋችላቸው። «ይቅመሱትና ይፍረዱ። ቁንዶ በርበሬ የፈሰሰበት አጥሚት ለአራስ ይሰጣል?»

እትዬ ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

«ቁንዶ በርበሬውን ቢተወው አጥሚት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሥጋውን ለውሻ ስጡት፤ ጎመኑን እንኳ ውሻም አይነካው። አንተ ልጅ፣ አራስ የሚጠይቅ ወንድ ብዙ አይቻለሁ፤ አራስ የሚያርስ ግን አላየሁም። በል ውሰዳት!»

ተጋቡ። በዓመቱ ብርቱካን ወለደች። ያ እርፍ ጨብጦ የማያውቅ የእርሻ ባለሙያ ማማሰያ ጨብጦ፣ ግሬቪውን ያለ ቁንዶ በርበሬ እያማሰለ፣ እስክትነሳ ድረስ አረሳት።

አሜሪካን አገር ሄዶ የተማረው ማረስ ይኸው ነው።