አየርላንዶች ታረቁ ብዬ

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ «አንቺ አይደለሽም» ነው የምትሉኝ። ጆሮዬ እስካሁን እየጋለ ነው።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ መካኒሳ አቦ መውረድ ሲገባኝ ጀሞ ድረስ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ።

ዛሬ ግን ድምፄን አየርላንዶች ሰሙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳም ኦርላ የምትባል የአየርላንድ ሴት ቤት ለአንድ ወር ሙከራ ተቀጥሬ ነበር። ወሩ የሚያልቀው ዛሬ ነው። ዛሬ ደግሞ ያገሯን ሰዎች ምሳ ጠርታለች። ምሳው ካማረ እቀጥላለሁ። ካላማረ እናቴ ጋ፣ ገጠር መመለሴ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችን ልጅ ማን ቶሎ ይቀጥራል?

እንግዶቹ መጡ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ማንም አይስቅም። ሁሉም ስልኩን ያያል። አንድ ነጭ ፂም ያላቸው ሽማግሌ ሾርባውን ቀመስ አድርገው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

ጨው በዛ? አነሰ?

ወደ ዘበኛችን ወደ ጋሽ ታደሰ ሮጥኩ። ሬዲዮ ከጆሯቸው አይለይም።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ያሉት?»

«ምርጫ ነዋ ልጄ። ባገራቸው ምርጫ ማንም ለብቻው አላሸነፈም። በአያቶቻቸው ጊዜ ደም የተቃቡ ሁለት ፓርቲዎች አሉ፤ እነሱ አብረው መንግሥት ሊመሠርቱ ነው ይላል ሬዲዮው። እሱን ነው የሚጠብቁት።»

አሁን ገባኝ። እርቅ ነው!

እኛ ሰፈር ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ አይቻለሁ። እርቁ እስኪያልቅ ሰው እህል አይቀምስም። ሲያልቅ ደግሞ ሴቶች እልል ካላሉ እርቅ ወርዷል አይባልም።

እዚህ ቤት ደግሞ ከማዳም ሌላ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። እሷ እልልታ አትችልም።

ዋናውን ምግብ ይዤ ስገባ የሁሉም ስልክ ባንዴ ጮኸ። ማዳም አነበበች። «ቱጌዘር» ስትል ሰማኋት። እሷን ቃል አውቃታለሁ፤ «አንድ ላይ» ማለት ናት። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

የደስታ እንባ መሰለኝ።

ትሪውን አስቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እልልልልልልል!»

ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ደጋገምኩት።

ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም አፍጥጠውብኛል።

ማዳም በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ስንዱ፣ እኛ ሌላ ፓርቲ ነን። ሁለቱ አንድ ላይ ገቡ፤ እኛ ውጭ ቀረን» አለችኝ።

ለካ ሁለቱ የታረቁት በነማዳም ላይ በር ዘግተው ኖሯል። እኔ ደግሞ በለቅሷቸው ላይ እልል አልኩ።

ኩሽና ገብቼ ሽርጤን ፈታሁ። ልብሴን ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ጋሽ ታደሰ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ወለደ?»

ማዳም ገባች። ፊቷ ቀልቷል። የምታለቅስ መስሎኝ አቀረቀርኩ፤ ለካ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነው።

«ሽማግሌው ሾርባ ድገሚኝ ይላሉ። ሰኞ ነይ። ግን ምርጫ ሲኖር፣ እልል ከማለትሽ በፊት እኔን ጠይቂ።»

ፌስታሉን መልሼ ፈታሁ።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ደም የተቃባ ሰው ታርቆ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው የሚያዝን ከሆነ፣ እልል የሚባለው መቼ ነው?