ልጄን የተሻሙት ሁለት ጎሳዎች

ቤታችሁን ለሶማሌ ተማሪ አከራይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደብረ ማርቆስ ለአብዲና ለፋራህ አከራይቻለሁ። ውጭ ሲወጡ "ሶማሌ አንድ ነው" ይላሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን ቅድመ አያቶቻቸውን እየጠሩ "የእኔ ጎሳ ይበልጣል" ይባባላሉ። እኔ ፈሪዋ ተጣሉ ብዬ ስሮጥ ሲስቁ አገኛቸዋለሁ።

ልጄ ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ግን እህል አልወርድ አለኝ።

"አይስጉ እትዬ፣ አክስቴ ትቀበላታለች" አለ አብዲ።

"የእነሱ ጎሳ በሻይ ይሰስታል! የእኔዋ አክስት ትቀበላት" አለ ፋራህ።

ሁለቱም አክስቶች መናኸሪያ ወጥተው በሻንጣዋ ተጓተቱ። እንዲህ ያለውንስ ጠብ ማንንም አይንሳ!

ትናንት ልጄ ደወለች፤ "እማዬ፣ የጎጃም ልጅ አገኘሁ!"

"እሰይ! የየት ነው? የደብረ ወርቅ ወይስ የይጁቤ?" አልኳት።

አጠገቤ የነበሩት አብዲና ፋራህ በሳቅ ፈነዱ። "እትዬ፣ ለካ እርስዎም ጎሳ አለዎት!"

እኔ ምን ጎሳ አለኝ? ልጁ ግን የይጁቤ ነው፤ የእናቴ አገር ሰው።