አባዬን ላይቭ ላይ ገደልኩት

ዛሬ የሠራሁትን ስትሰሙ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት!

መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ መጋረጃ እሸጣለሁ። ከጎኔ እትዬ ዘሃራም መጋረጃ ይሸጣሉ።

እኔ ካሜራማን ቀጥሬ፣ ሞዴል አቁሜ፣ ሙዚቃ አስገብቼ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ያየው የአክስቴ ልጅ ብቻ ነው።

እትዬ ዘሃራ ግን በተሰነጠቀ ስልክ ራሳቸውን ይቀርጻሉ። "ይሄ ጨርቅ ፀሐይ አይችልም፣ ይነጣል። ሳሎናችሁን ፀሐይ የሚመታው ከሆነ አትግዙኝ!"

አትግዙኝ እያሉ ሰው ይሰለፍላቸዋል!

ሰልፉ ደግሞ የእኔን በር ዘግቶ ነው። "ይቅርታ ወንድም፣ የእትዬ ዘሃራ ሱቅ የቱ ነው?" ይሉኛል። በጣቴ አሳያለሁ። ጎግል ማፕ ሆንኩላችሁ!

ቀናሁባቸው። አልዋሽም።

አንድ ጓደኛዬ "ሰው ማስታወቂያ ሰልችቶታል፤ ሪል ነገር ነው የሚፈልገው። የራስህን ታሪክ ንገራቸው" አለኝ።

ታሪክ የለኝማ! አባዬ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ጠግቤ በልቼ ነው ያደግኩት።

ስለዚህ ፈጠርኩ።

ረፋዱ ላይ ላይቭ ገባሁ። "አባቴ እህል በረንዳ ጤፍ ተሸክሞ አሳደገኝ" አልኩ። ስክሪኑ በቀይ ልብ ተጥለቀለቀ። ላይኩ ሲበዛ ምላሴ ተፈታ። "ይቺን ሱቅ ሳያይ ሞተ!" ብዬ እንባዬን ዘረገፍኩት።

እውነተኛ እንባ! ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም።

እትዬ ዘሃራ በግድግዳው በኩል ሰምተው፣ ደንበኞቻቸውን ጥለው እየሮጡ ገቡ። "ጋሽ ታደሰ? መቼ? አላህ ያጥናህ ልጄ፣ አብሽር!" አንገቴን አቅፈው አለቀሱ።

ላይቩም እንደበራ ነው።

ለካ ላይቭ በገባሁ ቁጥር አባዬ ስልክ ላይ ኖቲፊኬሽን ይገባል! ቤቱ አብነት ነው፣ በእግር ቅርብ። ከረባቱን ሳይቀር አስሮ መጣ።

"መቼ ነው የሞትኩት?" አለ በሩ ላይ ቆሞ።

እትዬ ዘሃራ ጮኹ። ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ጤፍስ መቼ ተሸከምኩ?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "መምህርነቴ ያሳፍርሃል እንዴ?"

ይቺ ገባች። "ይቅርታ አባዬ" አልኩት።

ኮሜንት ላይ አንዱ "አባትህ ተነሱ፣ እንኳን ደስ አለህ!" ብሎ ጽፏል።

እትዬ ዘሃራ አልተቆጡኝም። እሱ ነው የባሰው! አባዬን እጁን ይዘው ሱቃቸው አስገቡት፣ ውሃ ሰጡት፣ ቀረጹት። አባዬም "ልጄ ዋሽቷል። የሚሸጠው መጋረጃ ግን ጥሩ ነው፤ ቤቴ ሰቅዬዋለሁ፣ እስካሁን አልነጣም" አለላቸው።

ያን ቪዲዮ ያየው ሰው ብዛት! አሁን ሰው ሱቄ ይገባል፣ ይስቅብኛል፣ ይገዛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ግን ኮሜንቱ ሁሉ "አባባን ድገሙልን!" ነው። አባዬም ለነገ ሸሚዙን እየተኮሰ ነው፤ እትዬ ዘሃራ ጋ ሊቀረጽ።

በጎረቤት መቅናትስ እሺ፣ ያለ ነው። በገዛ አባቱ የሚቀና ግን ከእኔ ሌላ አለ?