ፓርቲ የሚቀያይር አማች

[እሑድ ከሰዓት። ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ፣ የነለታ ሳሎን። ለታ ጡረታ የወጣ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ሬዲዮ ከጆሮው ስለማይለይ የማያውቀው ነገር የለም። ሚስቱ ሾዴ ከረባት ይዛ በሶፋው ዙሪያ ትከተለዋለች። እንግሊዝ አገር የምትኖረው ልጃቸው ኪያ የምትደውልበት ሞባይል ጠረጴዛው ላይ የስኳር ዕቃውን ተደግፎ ቆሟል።]

ለታ፦ ቀይ አላደርግም አልኩሽ! አንዴ ብያለሁ፣ ብያለሁ።

ሾዴ፦ ቀዩ ምን አደረገህ? ለእህትህ ልጅ ለጀና ሠርግ አድርገኸው አምሮብህ አልነበር?

ለታ፦ የጀና ሠርግ እንግሊዝ አገር ነው እንዴ? እዚያ ቀይ የፓርቲ ቀለም ነው። የሠራተኞቹ! የኪያ እጮኛ በቪዲዮ ሲያየኝ "አባቷ ለካ የኛ ሰው ነው" ሊል ነው።

ሾዴ፦ እሺ፣ ሰማያዊውን።

ለታ፦ ሰማያዊው የወግ አጥባቂዎቹ!

ሾዴ፦ ቢጫውስ?

ለታ፦ የሊበራሎቹ።

ሾዴ፦ ወንድምህ አረንጓዴ አለው፤ ሮጥ ብዬ ላምጣልህ?

ለታ፦ አረንጓዴም ፓርቲ ነው! አንቺ ሴትዮ፣ የምትኖሪው የት ነው?

ሾዴ፦ ወይ ጉድ! እና ምን ቀረ?

ለታ፦ ጥቁር።

ሾዴ፦ [ከረባቱን ሶፋው ላይ ወርውራ] ልጄ በምትጠየቅበት ቀን የለቅሶ ከረባት? እኔ በቁሜ? ተወው፣ ያለ ከረባት ሁን! አንገትህን ይየው።

ለታ፦ ደግሞስ ለማን ብዬ ነው የማጌጠው? እሺ የምል መሰለሽ?

ሾዴ፦ [ደንግጣ ትቀመጣለች] ምን አልክ?

ለታ፦ ኪያን ለኮሊን አልሰጥም።

ሾዴ፦ የኪያ አባት፣ እባክህ! ሰውዬው እኮ ዛሬ በስልክ "ልጅዎን ይስጡኝ" ሊልህ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ይደውላሉ። ኪያ ደግሞ "አባዬ እሺ ካላለ አላገባም" ብላኛለች። ትናንት ስታለቅስ ነው ያመሸችው፤ አንጀቴን በላችው! ምን አገኘህበት? ጠጪ ነው?

ለታ፦ አይደለም።

ሾዴ፦ ሚስት አለችው?

ለታ፦ የባሰ ነው።

ሾዴ፦ በስመ አብ! አሞታል?

ለታ፦ ትናንት ማታ ኪያን አስተርጓሚ አድርጌ ጠየቅሁት። ሐሙስ አገሩ ምርጫ ነው። "ልጄ፣ የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ ነህ?" አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

ሾዴ፦ ምን አለህ?

ለታ፦ "ገና አልወሰንኩም።"

ሾዴ፦ [ትጠብቃለች] እሺ... ከዚያስ?

ለታ፦ ከዚያማ በቃ! ይኸው ነው!

ሾዴ፦ እንዴ! ዛሬ ገና እሑድ አይደል? እኔ የማክሰኞን ወጥ እንኳ አልወሰንኩም።

ለታ፦ ወጥና ፓርቲ አንድ ነው? አማች ሲመጣ ሰባት ቤት ይቆጠር የለም? አባቱ ማነው፣ አያቱ ማነው ይባል የለም? እንግሊዝ አገር ያለ አያት ከየት ላምጣ! ቢያንስ በፓርቲው ላጣራው አልኩ።

ሾዴ፦ አባቱስ የማን ነበር?

ለታ፦ አባቱ ዕድሜ ልኩን ቀይ። አያቱም ቀይ፤ ከሰል ቆፋሪ ነበር አሉ። ልጁም መጀመሪያ ቀዩን መረጠ። እሰየው፣ አባቱን የሚያከብር ልጅ ነው አልኩ። ከዚያ ቤት ሲገዛ ዞር ብሎ ሰማያዊውን አይመርጥ መሰለሽ?

ሾዴ፦ ቤት አለው?

ለታ፦ እኔ ምን እላለሁ፣ አንቺ ምን ትያለሽ!

ሾዴ፦ ስንት ክፍል ነው?

ለታ፦ ሾዴ! ሦስተኛው ላይ ደግሞ ቢጫውን መረጠ። ለምን መሰለሽ? የቢጫዎቹ ሴትዮ በሰፈሩ የሚያልፈው አውቶብስ እንዳይቀር ስለተከራከረችላቸው። ለአውቶብስ ብሎ! የአባቱን ፓርቲ ለአንድ አውቶብስ!

ሾዴ፦ እኔም ሸጎሌ ለመሄድ ሰልፍ ላይ ከመገተር የሚያድነኝ ከመጣ ዛሬውኑ ቢጫ ነኝ።

ለታ፦ የታክሲ ሹፌር አግብተሽ አውቶብስ ትመርጫለሽ?

ሾዴ፦ መቼ ጫንከኝና!

ለታ፦ እኔን እዪ። ስነዳ የኖርኩት ከጳውሎስ ሸጎሌ፣ ከሸጎሌ ጳውሎስ። ግራ ቀኝ ብዬ አውቃለሁ? ሰው ማለት እንዲህ በአንድ መስመር የሚጸና ነው።

ሾዴ፦ ስምሪት ላይ መድበውህ እንጂ አንተ መቼ መረጥከው? ቦሌን ስትመኝ አይደል ጡረታ የወጣኸው?

ለታ፦ [እንዳልሰማ ሆኖ] ፓርቲ የሚቀያይር ሰው ሚስትም ይቀያይራል! ዛሬ ኪያ፣ ነገ የአውቶብሷ ሴትዮ!

ሾዴ፦ ቆይ ግን፣ ፓርቲዎቹን ከየት አግኝቷቸው ነው የሚያማርጠው?

ለታ፦ ራሳቸው ይመጣሉ፤ ቤት ለቤት ነው የሚዞሩት። ባለፈው ሳምንት እንኳን ሦስት ሰዎች፣ ደረታቸው ላይ አበባ የመሰለ ነገር ለጥፈው፣ የኪያን በር አንኳኩ።

ሾዴ፦ ሦስት ሰው? አበባ አድርገው? [ብድግ ብላ] ሽማግሌ ነዋ! ሌላ ሰው ልጄን ሊጠይቅ ልኮ ነዋ!

ለታ፦ ኧረ ለፓርላማ የሚወዳደሩ ናቸው! ዝናብ እየወረደባቸው በር ላይ ቆመው "ድምፅሽን ስጪን፣ ሐኪም ቤቱን እናሻሽላለን" ምናምን ብለው ሄዱ።

ሾዴ፦ ሳይገቡ?

ለታ፦ ሳይገቡ።

ሾዴ፦ ዝናብ እየወረደባቸው? አረፍ በሉ እንኳን ሳትላቸው? ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግኩት! ሰው ምን ይለኛል አሁን?

ለታ፦ ስለ ምርጫ እኮ ነው የማወራሽ!

ሾዴ፦ እኔ ደግሞ ስለ እንግዳ ነው የማወራህ። እና ድምፁን ሄደው የሚሰጡት የት ነው?

ለታ፦ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽም አለ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ... እ... መጠጥ ቤት።

ሾዴ፦ መጠጥ ቤት? እና ልጁ አልወሰንኩም ቢል ይፈረድበታል? እዚያ ገብቶ የወሰነው ነው እኔን የሚገርመኝ! ቆይ፣ ባለፈው ምርጫ ኪያ ፎቶውን የላከችልኝ ውሾችስ? ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ታስረው ተደርድረው የተቀመጡት?

ለታ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] እነሱ... ማለቴ... ታዛቢዎች ናቸው።

ሾዴ፦ ውሾቹ?

ለታ፦ ታዛቢ ገለልተኛ መሆን አለበት አይደል? ከውሻ የበለጠ ገለልተኛ ከየት ይመጣል?

ሾዴ፦ እንጃ። የኛው ሰፈር ውሻ አጥንት ከሰጠው ጋር ነው።

ለታ፦ ይሁን፣ ይህን ሁሉ እንለፈው። አንድ ነገር ብቻ ግን አልዋጥልህ አለኝ። የጨረሰኝም እሱ ነው። አንዴ ደግሞ ልጁ የማይወደውን ፓርቲ መርጧል።

ሾዴ፦ ተሳስቶ?

ለታ፦ አውቆ! "ያኛውን የባሰ ስለምጠላው፣ እሱ እንዳያሸንፍ ብዬ ነው" አይለኝም! እስኪ አስቢው። ምን ዓይነት ሰው ነው ላልወደደው እሺ የሚል?

ሾዴ፦ [ቀስ ብላ ፈገግ ትላለች] ይሄስ ገባኝ።

ለታ፦ ተመስገን! ገባሽ በመጨረሻ!

ሾዴ፦ ከሁሉም የገባኝ ይሄ ነው። አንተንስ ያገባሁህ እንዲያ አይደል?

ለታ፦ [ይስቃል። ሳቁ መሀል ላይ ይቋረጣል] እንዴት ማለት?

ሾዴ፦ ያ የሸጎሌው ከብት ነጋዴ ትዝ ይልሃል? ኪሩ?

ለታ፦ ያ ዱላ የማይለየው?

ሾዴ፦ አባቴ ለእሱ ሊድረኝ ቆርጦ ነበር። ቤታችን መጣና ከላይ እስከ ታች አገላብጦ አየኝ። ከዚያ ለአባቴ "ጥርሷ ደህና ነው" አለው። በሬ የሚገዛ እኮ ነው የሚመስለው! ስንሰቀሰቅ አደርኩ። ብዙም ሳይቆይ ያንተ ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ "ከሁለቱ የትኛው ይሁንልሽ?" ሲለኝ ዓይኔን ጨፍኜ "ለታ" አልኩ።

ለታ፦ ወደሽኝ ነዋ!

ሾዴ፦ መቼ አውቄህ! ኪሩ እንዳያሸንፍ ብዬ ነው እንጂ።

ለታ፦ ለታ ይሙት በይ!

ሾዴ፦ ለታ ይሙት!

ለታ፦ [ሶፋው ላይ ዝርግፍ ይላል] እኔ እኮ... ለስንት ተሳፋሪ አውርቻለሁ! "ገና ከሩቅ ስታየኝ ልቧ ጥፍት አለ" እያልኩ!

ሾዴ፦ ረዳትህ ነግሮኛል። ደስ ካለው ብዬ ዝም አልኩ።

ለታ፦ እና... አሁንስ?

ሾዴ፦ አሁን ምን?

ለታ፦ ማለቴ... ዛሬ እንደገና ምርጫ ቢሆን። ኪሩ የለም፣ ማንም የለም። እኔ ብቻዬን ብወዳደር።

[ሞባይሉ ይጠራል።]

ሾዴ፦ ኪያ ናት! አንሳ!

ለታ፦ መጀመሪያ መልሺልኝ!

ሾዴ፦ መራጭ ሰውየው ምን ሠራልኝ ብሎ አይደል የሚያየው? አንሳና ልይህ።

ለታ፦ [ዘሎ ያነሳል፤ ድምፁ ማር ማር ይላል] ሄሎ! ኪያዬ! ኮሊን ልጄ፣ ሃው አር ዩ! ኪያ፣ ቶሎ ተርጉሚለት፤ "አባቴ በደስታ ሰጥቶሃል" በይው! ምን? ስለ ፓርቲው ተጨንቆ አደረ? ኧረ ምን በወጣው! የፈለገውን ይምረጥ! በየዓመቱ ይቀያይር! አመዛዝኖ የሚመርጥ ሰው ነው እኔ የምወደው! አይዞሽ ልጄ፣ አልቅሺ፣ የደስታ ነው... [ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ] ሾዴ! ሰማሽኝ? ሰጠሁ እኮ!

ሾዴ፦ [ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች] ሰማሁ። ተባረክ፣ እጅግ ደስ አሰኘኸኝ።

ለታ፦ እና? መረጥሽኝ?

ሾዴ፦ [ስልኩን ከእጁ ወስዳ] ድምፅ የሚሰጠው በሚስጥር ነው፣ የኪያ አባት።