የእትዬ አደራ እባብ ቆዳ ሲለውጥ

አደራ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ሁለት እጅ አለው፤ በአንዱ ይሰጥሃል፣ በሌላው አንተኑ ይይዝሃል። ያልያዘህ ከመሰለህ ስልክህ ገና አልጮኸም ማለት ነው።

ይህን ዓይነቱን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁልፉን አስረክቦ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ «በሩ እኮ ጠበቅ ተደርጎ ነው የሚቆለፈው» እያለ የሚመለሰው ነው። ልጁን በሠርግ ድሮ በሙሽራው ጆሮ «ካልሲ ካላደረገች ይበርዳታል» የሚለው ነው። በእኛ ሕንፃ የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ዋና ጸሐፊና ብቸኛ ተናጋሪ ክብርት እትዬ አደራ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን «አደራ» ሳይሉ ንግግር መዝጋት ስለማይሆንላቸው ጎረቤቱ ሁሉ በዚሁ ይጠራቸዋል። በራቸው ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ማረም ግን ጡረታ የለውም፤ ዛሬም እኔን ያርማሉ።

አንድ ጊዜ እህታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ አበባቸውን ውሃ እንዳጠጣላቸው ሰጡኝ። አውቶቡሱ ሳይነሳ ደወሉ።

«ከላይ ነው ከሥር ያጠጣኸው?»

«እትዬ፣ አሁን እኮ ነው የወጡት!»

«እሱማ አውቃለሁ። ስታጠጣው ግን ከሥር ነው። አደራ።»

ቧንቧ ሊጠግን ለመጣው ሰውዬም እንዲሁ ቤቱን ትተውለት ገበያ ወጡ። ከዚያ በየሱቁ ደጃፍ እየቆሙ ስለ ብሎኑ አጠባበቅ በስልክ ሲያስረዱት፣ ሰውዬው በአንድ እጁ ስልኩን በሌላው የፈነዳውን ቧንቧ ይዞ ሳሎናቸው ውስጥ ሊዋኝ ምንም አልቀረውም።

ይህ ሁሉ ግን መለማመጃ ኖሯል። ዋናው ፈተና የመጣው ለጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል የገቡ ጊዜ ነው።

እትዬ አደራ እባብ አላቸው። አዎ፣ እባብ። መርዝ የሌለው፣ እንደ ወፍራም ገመድ ተጠቅልሎ የሚውል፣ ሐር የሚባል። «ስናገር የማያቋርጠኝ እሱ ብቻ ነው» ይላሉ።

«አንተ ጋ ይሁን» አሉኝ። «እቤት ነህ፣ ሥራ የለህም።»

እኔ ለጋዜጣ እጽፋለሁ። በእሳቸው ቋንቋ ሥራ የለህም ማለት ይኸው ነው።

የመስታወት ሣጥኑ ሳሎናችን ሲገባ ባለቤቴ ሶፋ ላይ ወጣች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷ ደግሞ እባብ ሳታይ ገና በቀበቶዬ ስትበረግግ የኖረች ሴት ናት።

«ወይ እሱ ወይ እኔ!» አለች።

«እሱ እኮ ለጥቂት ቀን ነው» አልኳት።

«እኔስ?»

ሣጥኑን ከሶፋው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት።

እትዬ አደራ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው የመሰናበቻ ትምህርታቸውን ጀመሩ። «ስማ ልጄ፤ የእባብ ቆዳ አብሮት አያድግም። ሲጠበው ይጥለዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ባንድነት ይወልቅለታል። ከደረቀ ግን ይቆራረጥና ይጣበቅበታል። ዐይኑ ላይ ከቀረ ዐይኑን ይጎዳዋል፤ ጭራው ላይ ከቀረ እንደ ክር ያንቀዋል። የእርጥበት መለኪያው ከስልሳ በመቶ እንዳይወርድ!»

«ውሃ እረጭበታለኋ።»

«እንዳታጥለቀልቀው! ረግረግ ላይ ከተኛ ሆዱ ይቆስላል።»

«ታዲያ ምን ያህል ልርጭ?»

«በልኩ።»

የሒሳብ አስተማሪ «በልኩ» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ስልኩ ጀመረ። ጤና ይስጥልኝ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ፤ «እርጥበቱስ?» ብቻ። ጢሜን ስላጭ «እርጥበቱስ?» ጉርሻ አፌ ውስጥ ሳለ «እርጥበቱስ?» የጋዜጣው አዘጋጅ ቁጭ አድርጎኝ ጽሑፌን ሲያብጠለጥል ስልኬ ጮኸ፤ «ስልሳ ሁለት ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» ብዬ ዘጋሁት። አዘጋጁ ለጽሑፌ የሰጠሁት ማርክ መስሎት አኮረፈኝ።

አንድ ቀን ደግሞ የማላውቃት ሴት ደወለች።

«የእባቡ ሰውዬ እርስዎ ነዎት?»

«ጎረቤት ነኝ» አልኩ፣ ክብሬን ሰብስቤ።

«እኔ የእትዬ ነርስ ነኝ። እርስዎ ቁጥሩን ዝቅ አድርገው ሲነግሯቸው የደም ግፊታቸው ከፍ ይላል። ቀዶ ሕክምናው በዚሁ ምክንያት ተራዝሟል። እባክዎ፣ ምንም ይሁን ምን ስልሳ ይበሏቸው።»

ይኸውላችሁ! የአደራ ጥብቅ፣ የሰማይ ሩቅ ይሉ ነበር አባቶች። የእባብ ቆዳና የሰው ደም ግፊት ባንድ ጫንቃ የተሸከመ ግን ከኔ በፊት አልሰማሁም።

በዚያው ሰሞን የሐር መልኩ ፈዘዘ፤ ዐይኑም ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ቆዳ ሊለውጥ ነው። እንደ ጠላት ቀጠሮ ደግሞ ደረቅ ነፋስ ገባ፤ የሰውም ከንፈር ተሰነጣጠቀ። መለኪያው አርባ አለ። እረጫለሁ፣ ይወጣል፤ ዞር ስል ይወርዳል። ስልኩ ጮኸ።

«እርጥበቱስ?»

«ስልሳ።»

«ድምፅህ ግን አርባ ነው» አሉኝ።

ምን ይደረጋል፣ ተናዘዝኩ። አልጮኹብኝም፤ ትእዛዝ አወረዱ እንጂ። «ዐይኑ እስኪጠራ አታብላው፣ አትነካካው። አሁን አጥርቶ ስለማያይ ይፈራል። ከክዳኑ ወንፊት ግማሹን በፎጣ ሸፍን፤ ጨርሰህ እንዳታፍነው። ክዳን ያለው ዕቃ ፈልግና እርጥብ ፎጣ አንጥፍበት፤ መግቢያ ቅደድለት፤ እዚያ ገብቶ ይደበቃል።» ያገኘሁት ክዳን ያለው ዕቃ ባለቤቴ ምሳዋን የምትቋጥርበት ነበር። ስለዚያ ምሽት ብዙ ባልናገር ይሻለኛል።

ግን ረፍዶ ነበር። ቆዳው ከአፍንጫው ጀምሮ ተቀደደ፤ ከዚያ እንደ አሮጌ ቀለም እየተቆራረጠ ተላጠ። ጭራው ላይ ያለው ግን ሙጭጭ አለ። ጎንበስ ብዬ በሁለት ጣቴ ልይዘው ስል ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት፤ የምለው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ።

«እንዳትጎትተው!» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ልጅ ዝም ሲል እጁ የት እንዳለ አውቃለሁ። ከጎተትከው ሥሩ ያለውን ቆዳ ታቆስለዋለህ። ለብ ያለ ውሃ አድርግ፣ ከሆዱ እንዳያልፍ። ትንሽ ዘፍዝፈውና በእርጥብ ፎጣ መሐል ራሱ ይሳብ። ሁለት ሰው ሁኑ፤ አንዱ ይያዘው፣ አንዱ ፎጣውን።»

ሁለተኛው ሰው ሶፋ ላይ ነበረች።

«አይናከስም?» አለች ባለቤቴ።

«አይናከስም።»

«ማን አለ?»

«እትዬ።»

ወረደች። ዐይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ፎጣውን በሁለት እጇ ዘረጋች። ሐር ከእጄ ወጥቶ በፎጣው እጥፋት ውስጥ ቀስ እያለ ተሳበ። በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ጭራው ያበራ ነበር፤ ልጣጩ ፎጣው ላይ ቀርቷል። ባለቤቴ አንድ ዐይኗን ገለጠች። «እንዴ፣ ያምራል እኮ!» አለች። ወዲያው ጭራው እጇን ዳሰሳት፣ ጩኸቷም ምድር ቤት ድረስ ተሰማ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሐር ደኅና መሆኑን ሰምተው ግፊታቸው ስለ ወረደ ቀዶ ሕክምናው ለዚያው ቀን ተቆረጠ አሉን። ልጣጩን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልዬ ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ አደራ መነጽራቸውን አጠለቁ፤ የጭንቅላቱን ቁራጭ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት።

«የሁለቱም ዐይኖቹ ሽፋን ወልቋል» አሉ። ቀጥለው የጭራውን ጫፍ ፈለጉ፣ አገኙት። «ግን ተቆራርጧል።»

«አዎ፣ እትዬ።» እርማቱን ጠበቅሁ።

አልመጣም። ልጣጩን መልሰው በመሐረቡ ጠቀለሉት። «ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስለ እርጥበቱ ሳወራ ስለ ሐኪሙ ቢላዋ አላስብም ነበር። ይኸው እሱ ደኅና ሆነልኝ። አሁን ስለምን ላውራ?»

አልጋውን የሚገፉት ሰዎች ገቡ፣ ነርሷም ተከተለች። እትዬ አደራ መነጽራቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ያለ መነጽር ፊታቸው ትንሽዬ ነው። ኮሪደሩን ግማሽ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ያ ሁሉ ስልክ ያማረረኝ ሰውዬ ይህን ዝምታ መቻል አቃተኝ።

«እትዬ» አልኩ፣ ከአልጋው ጎን እየሮጥኩ፣ «እንግዲህ ቆዳውን ጣለ አይደል? የውሃ ሳህኑን ላወጣው ነው።»

ቀና አሉ። «ምን?»

«ፎጣውንም አወጣዋለሁ። ጭራውን ደግሞ በባለቤቴ የፀጉር ማድረቂያ ደረቅ ላደርገው…»

«አብደሃል?!» ከትራሱ ተነሡ። ነርሷ ዐይኗን አፈጠጠችብኝ። «ውሃ ነስተህ ልትገድልብኝ ነው? ንጹሕ ውሃ በየቀኑ! ፎጣው ሻጋታ ሳይዝ ይታጠብ! ማድረቂያ ይላል እንዴ፣ ማድረቂያ! ማን ነው ይኼን ሰው ያስተማረው?»

«ሥጋውንስ ዛሬ ልስጠው?» ስል በሮቹ መሐላችን ተዘጉ። ድምፃቸው ግን ከበሩ ወዲያ ይሰማ ነበር፤ ማደንዘዣ ሰጪውን ምስክር አድርገው የኔን ድድብና ይዘረዝሩለታል። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ጉልበታቸው ተጠግኖ በደኅና እንደሚወጡ ያኔ አላወቅሁም። ድምፃቸው እየራቀ ሄዶ ጨርሶ ሲጠፋ፣ ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ጥሪውን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት።