አባ ዳመና መንበሩ ጢስን እንደ ሸኙ

በስመ ሥላሴ። ወኮነ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ በዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ ጠላት ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጌታችን መንበሩ ጎጆ በወጡ በስድስተኛው ዓመት፣ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራቸው ሳሉ ያደረጉትን ጀብዱ እንጽፋለን። እኒህ መንበሩ ትውልዳቸው ከገበሬ፣ የዓይናቸው መልክ ከበርበሬ፣ ፈረስ ስለሌላቸው በአህያቸው ስም አባ ዳመና የሚባሉ ነበሩ። ስማቸው መንበሩ ይሁን እንጂ በመንበሩ ላይ የተቀመጠው ጢስ ነበር።

ይኸውም ጢስ ማለዳ ከምድጃው ይነሣል፣ ቆጡን ይጎበኛል፣ ምሰሶውን ጥቀርሻ ያለብሳል፣ ጥቂቱ በሣር ክዳኑ ይሾልካል፣ የቀረው ከቤተሰቡ ጋር ይውላል። ሕፃኗ ሽታዬ ስትስል ትውላለች፤ እናቷ እመቤት የብርጓል ሽንኩርት ሳይልጡ ያለቅሳሉ። የእመቤቲቱ እናት ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር መደብ ላይ ተቀምጠው ዕንባቸውን ያፈሳሉ፤ ሰዉም ልጃቸውን ለማይረባ ሰው መስጠታቸው ቆጭቷቸው ነው ይል ነበር። መንበሩ ይህን ይሰሙና አህያቸውን ለማጠጣት ይወጡ ነበር።

ወእምዝ በገና ማግሥት እመቤት የብርጓል ነጋሪት ቢያጡ ሰፌድ መትተው አዋጅ አስነገሩ፦

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ልጄን ሳል ጨረሳት። እስከ ጥምቀት ወይ ጢሱ ከዚህ ቤት ይወጣል፣ ወይ እኔ ልጄን አዝዬ ወደ እናቴ እወጣለሁ።»

መንበሩ ይህን በሰሙ ጊዜ አህያቸውን ለማጠጣት አልወጡም፤ እመቤት የብርጓል ያሉትን የሚያደርጉ ሴት መሆናቸውን ያውቃሉና። ደብረ ማርቆስ ገበያ በወረዱበት ቀን ከአንድ ወጥ ቤት ጣራ ላይ የተጠቀለለ ቆርቆሮ አንገቱን አውጥቶ ሲያጨስ አይተው ስለነበር፣ ቆርቆሮ ቢጠፋ ገንቦ አይጠፋም ብለው የክተት አዋጅ አወጁ፦

«ቂጡ የተነደለ ገንቦ ያለህ ይዘህ ተከተለኝ። የቀረህ ጠላዬን አትቀምስም።»

የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ ጎረቤታቸው ደምለው፣ ባለ መሰላሉ፤ የደምለው ውሻ፣ ሳይጠራ የመጣ፤ እንዲሁም ሥራውን ቆመው የሚተቹ ሽማግሌዎች፣ ቁጥራቸው የበዛ። የተሰለፉት ገንቦዎችም እነዚህ ናቸው፦ የደምለው ገንቦ፣ በሠርጉ ለት የተሰነጠቀ፤ የወይዘሮ ታየች ገንቦ፣ በቅሎ የረገጠችው፤ የቄሰ ገበዙ ገንቦ፣ እንዴት እንደ ተነደለ ያልተነገረ። የአንዱን አንገት በሌላው ቂጥ እየሰኩ፣ ጭቃና ጭድ እየመረጉ፣ ሣሩ እሳት እንዳይበላው ዙሪያውን ድንጋይ እያለበሱ፣ ከምድጃው አናት በክዳኑ በኩል አወጡት። ጢሱም ሌላ መንገድ እንዳያምረው የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ ደፈኑ፣ በሩንም ጠረቀሙ።

እሳትም ነደደ። ጢሱ ወደ ገንቦዎቹ አንገቱን አስግጎ አየ፣ አልወደደውም፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ሠራዊቱ እየሳለ በሩን በርግዶ ሸሸ፤ በሽሽቱ ግንባር ቀደም የነበረው ውሻው ነው። ያን ጊዜ ልጃቸውን አቅፈው ደጅ የቆሙት እመቤት የብርጓል በተበረገደው በር ቢመለከቱ፣ ነፋስ ገብቶ ጢሱን ከኋላው ሲገፋው፣ ጢሱም ጓዙን ሰብስቦ በገንቦዎቹ ሲወጣ አዩ። ወዲያውም አዋጅ አሉ፦

«ጢስም እንደ እንግዳ ነው። ከኋላው የሚሸኘው ካላገኘ አይነሣም።»

ስለዚህ ከበሩ ሥር ዶሮ የምታሾልክ ቀዳዳ ተከፈተች፤ ስሟም ሸኚ ተባለ። የሽታዬ ሳል ከቀን ወደ ቀን ቀለለ፤ እመቤት የብርጓልም ጥምቀትን አክብረው ወደ ገዛ ቤታቸው ገቡ።

ነገር ግን ቀድሞ በክዳኑ ሁሉ ተበትኖ ሲተን ልብ የማይባለው ጢስ፣ አሁን እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ስለ ቆመ፣ ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ መሽጎ የሰፈረው የጠላት ዘብ አየውና ለአርበኛ የተሰጠ ምልክት ነው ብሎ ተሸበረ። ወበሳኒታ፣ በማግሥቱ ማለት ነው፣ የዘቡ አለቃ ሹምባሹ ቤቱን ሊያቃጥል ክብሪት ይዞ መጣ። እየፎከረ ገባ፤ በምሽጉ ጢስ ያበጠ ዓይኑን እንደ ልማዱ ሊያሽ እጁን ቢያነሣ የሚታሽ ዕንባ አጣ። ቤቱን ዞሮ አየ፣ ክብሪቱንም ወደ ኪሱ መለሰ፤ ቀጥሎም አወጀ፦

«ይህን ገንቦ ለምሽጋችን ትተክልና ቤትህ ይተርፋል። እምቢ ካልህ ከነገንቦህ ትቃጠላለህ።»

መንበሩም የታዘዙትን ሳያጓድሉ ተከሉ። ስለ ሸኚ የጠየቃቸው አልነበረምና አልተናገሩም። እንዲያውም ብርድ እንዳይመታችሁ ብለው የምሽጉን ስንጥቅ ሁሉ ሳይታዘዙ ደፈኑላቸው። ዘቦቹ አርበኛ ስለሚፈሩ በራቸውን ቀርቅረው የሚቀመጡ ነበሩና፣ ጢሱ ከእነርሱ ጋር ሰፈረ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ዓይናቸውን እየጠረጉ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ደብረ ማርቆስ ወረዱ፤ ለአለቆቻቸውም የኮረብታው አየር አይስማማም አሉ። መንበሩ እስከ መንገዱ ዳር ወጥተው ሸኟቸው።

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ መጡ፤ መደብ ላይ ተቀመጡ፤ ዕንባቸውን ጠበቁ፤ አልመጣም። ሰዉ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ መንበሩ፣ ስድስት ዓመት ያለቀስሁት በአንተ መስሎኝ ነበር። ለካ በጢሱ ኖሯል።»

እነሆ አባ ዳመና መንበሩ፣ የገንቦ አለቃ፣ የነፋስ ባልንጀራ፣ የአማታቸውን ዕንባ ያደረቁ፣ ጢስም ባዕድም ሳይሸኙት እንደማይወጣ ለአገር ያሳዩ፣ ስማቸው ከጥቀርሻ የጸዳ ይሁን። ከዚያች ቀን ጀምሮ በመንበሩ ላይ የሚቀመጡት መንበሩ ናቸው፤ እመቤት የብርጓል በፈቀዱ ጊዜ።