እጁን ያነሳ ሁሉ

ሹፌር ጡረታ ወጣ ሲሏችሁ አትመኑ። ጡረታ የሚወጣው አውቶብሱ ነው። ሹፌሩማ ቤቱ ቁጭ ብሎም ይነዳል፤ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል፣ ዓይኑ መስታወት ይፈልጋል፣ ተኝቶ በሕልሙ ማርሽ ሲቀይር ሚስቱን በክርኑ ይደቁሳል። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና ስመላለስ ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። የክረምቱን ጭቃ፣ የበጋውን አቧራ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ የተሳፋሪውን ምላስ ችዬ፣ አንድም ቀን መኪና አልገለበጥኩም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጉራ የሚሆነው ውሸት ቢሆን ነው።

በእኛ መንገድ ላይ አንድ ሕግ አለ። ትራፊክ ፖሊሱ አያውቀውም፤ እኛ ግን ከቀደሙን ሹፌሮች ተቀብለነዋል። እጁን ያነሳ ሰው አይታለፍም! ለምን ብትሉ፣ ዛሬ ጥላችሁት ያለፋችሁት ሰው ነገ የሚስታችሁ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ልቅሶ ላይ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ያፈጥባችኋል። «ቦታ የለም» የአዲስ አበባ ቃል ነው፤ የእኛ ቃል «ጠጋ ጠጋ በሉ» ነው። ጠጋ ጠጋ ተብሎ ቦታ የማይገኝበት አውቶብስ እግዜር አልፈጠረም። መውረድ የፈለገ ደግሞ «ወራጅ አለ!» ይላል፣ እኔ አቆማለሁ። ከዚህ የበለጠ ምን ሥልጣኔ አለ?

ልጃችን ማስተዋል ሆላንድ አገር ትምህርቷን ጨርሳ፣ እዚያው ሥራ ይዛ ትኖራለች። አምና ደውላ፣ «አባዬ፣ ዕድሜ ልክህን ሰው ስታመላልስ ኖረሃል፤ እስቲ አሁን እማዬን ይዘህ ና፣ ከተማ ታያላችሁ፣ ከዚያ በጀልባ እየተንሸራሸራችሁ ታርፋላችሁ» አለችኝ። ጀልባው መኝታ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፤ ለመርከብ ያነሰ፣ ለጀልባ የበዛ ነገር ነው። የሚሄደውም በባሕር ሳይሆን ሰው ቆፍሮ ባበጀው የውሃ ቦይ ላይ ነው። ባለቤቴ እናናት ይህን ስትሰማ፣ «ተኝቼ የምጓዘው ምን ሆኜ ነው? ቃሬዛ ነው እንዴ?» አለች። እናናት የቢቸና ልጅ ናት፣ እኔ የሞጣ። የቢቸና ሰው አንዴ መናገር ከጀመረ ፍሬን የለውም፤ ስለዚህ እሷ እስክትጨርስ ጠበቅሁና ሄድን።

መጀመሪያ አምስተርዳም ሰነበትን። እናናት በየማለዳው የሆቴሉን አልጋ አንጥፋ፣ ወለሉን ወልውላ ትጠብቃለች። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ከፍታ ታያለች፣ ግራ ይገባታል፣ ትወጣለች። ኋላ እንደሰማነው፣ እነዚህ ሰዎች አልጋ ላይ አይተኙም ተብሎ ተወርቶልናል። እኔ ደግሞ ከተማውን ያየሁት በሹፌር ዓይን ነው። ብስክሌቱ እንደ አንበጣ ይርመሰመሳል፤ ክላክስ የሚያደርግ ግን የለም። ክላክስ የሌለበት ከተማ ምን ከተማ ነው? ሰዉስ በምን ይግባባል?

ሽርሽሩ ግን ባዶ ሽርሽር አልነበረም። ማስተዋል ፒተር የሚባል የአገሩን ልጅ ወዳለች። ልጁን በስልክ አይተነዋል፤ አንገቱ ረዘም ከማለቱ በቀር እንከን አላገኘንበትም፤ ለሃይማኖቱም ቢሆን እጠመቃለሁ ብሎ እናናትን አፏን አስይዟታል። እዚያ አገር ሽማግሌ መላክ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ በሽምግልናው ፋንታ እሑድ ቀን የልጁ እናትና አባት ቤት ምሳ ሆነ። እናናት ደግሞ ለዚህች ልጅ ትዳር መርጡለ ማርያም ድረስ ሄዳ ጃንጥላ ተስላለች። ለልጁ አባት የሚሆን ጋቢም አሠርታ ሻንጣዋ ውስጥ አስተኝታዋለች። ማስተዋል ስታሳፍረን፣ «አባዬ፣ በእመቤቴ፣ እሑድ ስድስት ሰዓት እንዳታረፍዱ። እዚህ አገር ማርፈድ ንቀት ነው። ቤታቸው ቦዩ ዳር ነው፤ እኔ የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ ዳር ላይ እቆምላችኋለሁ፣ እኔን ስታይ ታቆማለህ» አለችኝ። እኔን? ዕድሜ ልኩን ሰዓት ጠብቆ የኖረን ሰው? ሳቅኩባት።

ጀልባውን የሚያከራየው ሰውዬ ከዚህ በፊት ነድቼ እንደሆነ ጠየቀ። «የጉንደ ወይንን ጭቃ መንገድ በክረምት ነድቻለሁ በይው» አልኳት ማስተዋልን። ምን ብላ እንደተረጎመችው እንጃ፣ ቁልፉን ሰጠኝ። ፍሬኑ የት ነው ብለው፣ ጀልባ ፍሬን የለውም አይለኝ መሰላችሁ! ለማቆም የኋላ ማርሽ ማስገባት ነው አሉ። ፍጥነቱ ደግሞ አያድርስ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ከጎናችሁ ይሄዳል፤ ፈጠን ያለ እንደሆነ ይቀድማችኋል። ቢሆንም መሪ መሪ ነው፤ ከያዝኩት በኋላ ደስ አለኝ።

ብዙም ሳንሄድ አንዲት ውሻ የያዙ አሮጊት ቦዩ ዳር ቆመው እጃቸውን አነሱ። እኔ ምን ላድርግ? አእምሮዬ ሳያስብ እጄ የኋላ ማርሽ አስገባ። ጀልባው እያጓራ ዳሩን ታኮ ቆመ። እናናትም ብትሆን የሹፌር ሚስት ናት፤ ያለ ረዳት ስወጣ ስንቴ በር ይዛልኛለች። እጇን ዘርግታ «ግቡ እናቴ፣ ግቡ» አለቻቸው። አሮጊቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ውሻቸውን አዩና ከት ብለው ስቀው ገቡ። እናናት ቆሎ ዘገነችላቸው። መውረድ ሲያምራቸው እንዴት እንደሚሉም አስተማረቻቸው፤ ቀጣዩ መንደር ስንደርስ ሴትዮዋ እጃቸውን አጨብጭበው፣ «ወራጅ አለ!» ሲሉ ልቤ ቢቸና ደርሶ ተመለሰ።

ከዚያማ ምን እነግራችኋለሁ! ያ አገር ሰው ሁሉ እጁን የሚያነሳ አገር ነው። ዓሣ የሚያጠምደው ያነሳል፣ ልጇን በጋሪ የምትገፋው ታነሳለች። የእኛን ያህል የትራንስፖርት ችግር ያለበት ሕዝብ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ አሳዘኑኝ። ሁሉንም ጫንኩ። ለባለብስክሌቶቹ ብስክሌታቸውን እንደ አውቶብስ ፖርቶመጋላ ጭነት ጣሪያው ላይ አሰርንላቸው። እናናት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ስትል ቋንቋው ሳይገባቸው ጠጋ ጠጋ ይላሉ። ከሻንጣችን ቆሎው አለቀ፣ ድርቆሹ ተጀመረ። እኔም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ማስተዋል ደወለች። ከኋላዬ ሳቅና ጫጫታ ስትሰማ፣ እነማን ናቸው አለች። ተሳፋሪዎች ናቸው አልኳት። የት ደረሳችሁ አለች። ያለንበትን የመንደር ስም አንብቤ ስነግራት ጮኸች። «አባዬ! ገና እዚያ ናችሁ? እዚህ አገር ሰው እጁን የሚያነሳው ለሰላምታ ነው! ማንም ተሳፋሪ የለም! ከእንግዲህ ለማንም እንዳታቆም፤ አንተም እጅህን እያውለበለብክ እለፍ!»

አፈርኩ። ዝም ብሎ እጁን ለሚያነሳ ሰው ነው ለካ ይህን ሁሉ የለፋሁት? በዚያ ላይ ሰዓቱ እየገሰገሰ ነው፤ የልጄ ትዳር በእኔ ማርሽ ላይ ተንጠልጥሏል። የነበሩትን አወረድኩና ነዳሁ። ነዳሁ ስላችሁ ያው በሰው እርምጃ ነው። ግራ ቀኝ እጅ የሚያነሳውን ሁሉ እንደ ጳጳስ እየባረክሁ አለፍኩ። እናናት ጋቢውን ታቅፋ፣ «ድረሽልኝ የመርጡለ ማርያም እመቤት» እያለች ቁጭ ብላለች።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ትንሽ ቆይቶ አንድ መንደር ገባን። ቤቱ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው የሚመስለው። አንድ ትልቅ ሰውዬና አንዲት ሽርጥ ያሸረጠች ሴት ከግቢያቸው ወጥተው ቦዩ ዳር ቆመዋል። ሁለት ሁለት እጃቸውን ያውለበልባሉ። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ የለችም። እኔም አሁን ብልህ ሆኛለሁ፤ እጄን አውለብልቤ «ደህና ዋሉ!» አልኩና ነዳሁ።

ሰዎቹ ጮኹ። እኔም ጮኼ ሰላም አልኩ። ሰዎቹ ከጎናችን መራመድ ጀመሩ። ቢሆንም ጎጃሜ በሰላምታ ሲሸነፍ የት ታውቃላችሁ? «እንደምን ዋላችሁ! ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱ ደህና ነው? አዝመራውስ?» እያልኩ ሁሉንም አወረድኩት። ሰውዬው ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ ሴትዮዋ ሽርጧን ሰብስባ ሶምሶማ ይዛለች። እናናት፣ «እኔ የምለው፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ለሰላምታ ብላ የምትሮጥ ሴት አለች? አቁም!» አለችኝ። የአገራቸው ወግ ነው፣ አያገባንም አልኳት። ይኸኔ፣ «አንቱ! ያቁሙ እንጂ!» አለች። እናናት አንቱ የምትለኝ ስትቆጣ ብቻ ነው፤ በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንቱታዋን ሰምቼ አላቆምም ያልኩት የዚያን ዕለት ነው።

አንድ ድልድይ ጋ ስንደርስ አንዲት መኪና ተንጫጭታ ቆመች። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ወርዳ፣ ከነአንገተ ረዥሙ ፒተር፣ ድልድዩ ላይ ሆና ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። ልጄ ባትሆን ኖሮ እሷንም ሰላም ብዬ ባለፍኩ። ብናረፍድባት ጊዜ ልትፈልገን በመኪና ወደ ኋላ ሄዳ ኖሯል። ጥለናቸው ያለፍናቸው ሰዎች ደግሞ ከቶ እነማን ይሁኑ መሰላችሁ? አማቾቻችን!

ያፈርኩትን ማፈር ለጠላቴም አልመኝ። ሰውዬው ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ያለከልካሉ። እናናት ዘላ ወርዳ ሴትዮዋን አቅፋ ሳመች፤ እኔም ጋቢውን ይዤ ጎንበስ ብዬ ቀረብኩ። በቃ፣ ልጄን በገዛ እጄ አስቀረኋት አልኩ። ሰውዬው ትንፋሻቸው ሲመለስ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ማስተዋልም ፊቷን በእጇ ሸፍና ተረጎመችልኝ። ለካስ እኚያ ባለውሻ አሮጊት የእነሱ ጎረቤት ናቸው፤ ከእኛ ወርደው በመኪና ቀድመውን ገብተዋል። እጁን ላነሳ ሁሉ የሚቆም አንድ ደግ ሰው በጀልባ እየመጣ ነው ብለው መንደሩን አዳርሰውታል። አማቾቻችን ያን ሰምተው፣ ምሳውን ምድጃ ላይ ትተው፣ እኛም እንሳፈር ብለው ነው የወጡት። «አገሩን ሁሉ ጭኖ፣ እኛን ምን አድርገነው ነው የሚያልፈን?» ነው የሚሉት።

ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግሁና፣ «እኛ አገር ይምጡ ብቻ። በቢቸና መንገድ እጅዎን ያንሱ፣ የሚያልፍዎ አንድ ሹፌር ቢገኝ ሰው አይበሉኝ» አልኳቸው። ሰውዬው ጋቢውን ዳበስ አደረጉት፣ ሳቃቸው መጣ፣ እጃቸውን ሰጡኝ። ምሳው አርሮ ነበር፤ ግን የዚያን ቀን ያረረው ምሳው ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ተመስገን። የሰርጉን ነገር እዚያው ጨረስን፤ እኔና እናናትም ተረጋግተን ሌላ ከተማ ሰነባብተን፣ አልጋውን ለአንጣፊዎቹ ትተን ተመለስን።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ቢቸና ላይ ደገስን። አማቾቻችን መጡ። በሰርጉ ማለዳ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሰዉ ሽር ጉድ ሲል፣ የፒተር አባት ጋቢያቸውን ለብሰው አገሩን ለማየት ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። አውቶብስ ሲያልፍ ሰዎች በመስኮት ያዩዋቸዋል። እሳቸውም እንደ አገራቸው ወግ፣ ለሰላምታ እጃቸውን አነሱ።

ከተማውን አገላብጠን ፈለግናቸው፤ የሉም። ሙሽራው ያለ አባት ቆመ። በመጨረሻ ሞጣ ያለው ወንድሜ ደወለና፣ አንድ ፈረንጅ ጋቢ ለብሶ መናኸሪያው መሐል ቆሟል፣ ጉንጩ ዳቦ እንደሞላ ያንተን ስም ይጠራል አለኝ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ አስገብቷቸው፣ ተሳፋሪው ዳቦ እየቆረሰላቸው፣ ሞጣ ድረስ! እስቲ አሁን ማን ይሙት፣ መንገድ ላይ አንድ ቦታ አስቁመው መውረድ አቃታቸው?

ይህንኑ ጮክ ብዬ ብናገር፣ የሙሽሪትን ነጠላ የምታስተካክለው እናናት ቀና አለች። «አንቱ» አለችኝ፣ «ያን ዕለት ጭነዋቸው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ወራጅ ማለት አይጠፋቸውም ነበር።»